በቅጹ ላይ ያልነበረው መልስ

ጠዋት ጠዋት ጋዋኗን ለብሳ፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ አልኮል ካሻሸች በኋላ፣ ማሞቂያውን ከመክፈቷ በፊት በሩን በጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች። ከዚያ ትንሽ ትቆማለች፤ ከውስጥ «ይግቡ» የሚላትን ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች። ከዚያ ነው እጀታውን የምትስበው።

ማሞቂያው ቁመቱ እስከ ደረቷ የሚደርስ የብረት ሣጥን ነው። ውስጡ ልክ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። በመደርደሪያዎቹ ላይ ከመዳፍ የማይሰፉ ጠፍጣፋ ብልቃጦች በጀርባቸው ተኝተዋል፤ በየብልቃጡ ውስጥ ቀይ ፈሳሽ፣ ከፈሳሹ ሥር ደግሞ በዓይን የማይታዩ የአንድ ልጅ ሴሎች አሉ። ሐኪሞች ሕመሙ ያልገባቸው ልጅ ሲያጋጥማቸው ከክንዱ ላይ ምስር የምታህል ቆዳ ቆርጠው ይልኩላታል። እሷም ያቺን ቁራጭ ብልቃጥ ውስጥ አስተኝታ፣ በየሁለት ቀኑ እየመገበች፣ ሴሎቹ ከቆዳው ወጥተው ብልቃጡን እስኪሞሉት ድረስ ታሳድጋቸዋለች። ምግባቸውን በልተው ሲጨርሱ ቀዩ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ያኔ አሮጌውን ትቀዳለች፣ አዲሱን ታፈሳለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትሠራ ስለኖረች በሕንፃው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «ሞግዚቷ» ይሏታል።

የደም ክፍሉ ባለሙያ በበሯ ባለፈ ቁጥር አንገቱን አስግጎ «ልጆቹ እንዴት አደሩ?» ይላታል።

«ካንተ ይሻላሉ። ሲበሉ አይንጫጩም።»

ለምን ሁለቴ እንደምታንኳኳ የጠየቃት ዕለት ደግሞ «አንዱ ለሰላምታ ነው፣ አንዱ ለፈቃድ» ብላ መለሰችለት። ከት ብሎ ሳቀና ወሬውን ፎቅ ለፎቅ ሲያዞረው ዋለ።

ሲስቁባት አትቆጣም። በሌላው ሁሉ ግን ትቆጣለች። ቁጣዋ ከእሷ ቀድሞ ነው ኮሪደሩ ላይ የሚደርሰው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ሰው ሲጠፋ ትቆጣለች። በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር አልኮል ነክቶት ሲደበዝዝ ትቆጣለች። ከሁሉም በላይ ግን ደሟን የሚያፈላው የአርብ ሣጥን ነው። ከሩቅ ሆስፒታሎች የሚላከው ቆዳ በበረዶ ሣጥን ሆኖ በጭነት መኪና ይመጣል፤ ሹፌሩ መንገድ ላይ ሲያዘግም ላቦራቶሪው ከተዘጋ በኋላ ይደርስና ለዘበኛው ያስረክባል። ዘበኛው ጥሩ ሰው ነው፤ ሣጥኑን ማንም እንዳይነካው ብሎ እግሩ ሥር፣ ከምድጃው አጠገብ ያኖረዋል። ቅዳሜ ያልፋል፣ እሑድ ያልፋል። ሰኞ ጠዋት በረዶው ውኃ ሆኖ፣ ቆዳው ለብ ብሎ ይጠብቃታል።

«ሰው ነው እኮ! ሰው ነው እግርህ ሥር ያስቀመጥከው!» ብላ የጮኸችበት ጊዜ ነበር። ዘበኛው ደንግጦ ወንበሩን አነሣና ከሥሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ያን ዕለት ለኃላፊው ማስታወሻ ጻፈች። ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ ጻፈች። ማስታወሻዎቹ የት እንደሚገቡ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ነገሩ ሁሉ የተነሣው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው።

ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ አንዲት ወጣት እናት ቆማ ነበር። ስምንት ወር ገደማ የሚሆናት ሴት ልጅ በደረቷ አቅፋለች። ልጅቷ ደግሞ ጭንቅላቷን የእናቷ ትከሻ ላይ ጥላ፣ በዚያ ሁሉ የሰው ጫጫታ መሐል ከባድ እንቅልፍ ተኝታለች። እናትየዋ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ በመስኮቱ ቀዳዳ አሳለፈችው። ወረቀቱ በፕላስቲክ ተለብጦ ላሚኔት ተደርጓል። ዳርና ዳሩ በጥንቃቄ ተቆርጦ፣ ማዕዘኖቹ እንዳይቧጭሩ ክብ ተደርገዋል።

«ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፣ እትዬ» አለች፣ ሞግዚቷ ፕላስቲኩን ስታገላብጠው አይታ። «እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው።»

የላቦራቶሪው የራሱ የውጤት ወረቀት ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት የተጻፈ፣ የአሥራ አንድ ወር ወንድ ልጅ ውጤት። ከታች የኃላፊው ፊርማና ማኅተም፣ ከመሐል ደግሞ በደማቁ «ችግር አልተገኘም» የሚል አለ።

ሴትዮዋ ታሪኩን ባጭሩ ነገረቻት። ወንዱ ልጇ ሆዱ ባዶ በሆነ ቁጥር እየዛለ፣ እንደዚህችው እንቅልፍ እየጣለው ሲቸገሩ ቆዳው ተወሰደ። ይህ ወረቀት መጣ። ከዚያ በኋላ የትም ሐኪም ቤት ስትሄድ ወረቀቱን ታሳያለች፣ ሐኪሙም አንብቦ ይመልስላታል፤ ተመርምሮ የተጣራ ልጅ ነው፣ አይዞሽ ይላታል። በአሥራ አራት ወሩ ትውከት ያዘው። ትውከቱ እስኪቆም ምግብ አትስጪው አሏት። ወረቀቱን አሳየች፣ አዩት፤ አልሰጠችውም። በማግሥቱ አልነቃም።

«ይህን ወረቀት ይዤ ነው እሷን የወለድኳት» አለች፣ አገጯን ወደ ልጅቷ ቀስራ። «በዘር የሚሄድ ነገር ቢሆን አልወልድም ነበር። የለም ብላችሁ ጻፋችሁልኝ፣ ወለድኩ።»

አሁን ልጅቷ እንደ ወንድሟ መዛል ጀምራለች። የሰፈሯ ሐኪም ደሟን ለዘረመል ምርመራ ልኮላት ነበር፤ አንድ ለውጥ ተገኘ፤ ግን ለውጡ ክፉ ይሁን ደግ የሚያውቅ ሰው የለም። ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ ብለው ነው የጻፉላት። እንዲህ ሲሆን መልሱን የሚሰጠው ሴሉ ራሱ ነው። ሐኪሙ የሴል ምርመራ ይደረግላት ብሎ ጻፈ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ደግሞ መለሰው። የወንድሟ ሴሎች ተመርምረው ጤነኛ ስለሆኑ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ የሚል መልስ ነበር ያገኘችው።

ሞግዚቷ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ደግማ አየችው። ስም ትረሳለች፤ ቁጥር ግን አትረሳም።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ጠብቂኝ» አለቻት። «ደግሞ አሁኑኑ ቀስቅሰሽ አጥቢያት።»

ኮምፒውተሩን የማታምነው ሞግዚቷ የራሷ ደብተር አላት። በየዓመቱ አንድ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር እየገዛች፣ በየቀኑ ማን ምን እንደበላ፣ ማን እንዳደገ፣ ማን እንደቀረ ትጽፋለች። የዛሬ ሦስት ዓመቱን ደብተር ከቁም ሣጥኑ ሥር አውጥታ ቆማ አገላበጠችው። የራሷን እጅ ጽሕፈት አገኘችው።

«ሰኞ። ከአርብ የቆየ ሣጥን። በረዶው ውኃ ሆኗል። ያም ሆኖ አስተኝቼዋለሁ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ፦ «አልበቀለም። አንድም ሴል አልወጣም። ኮምፒውተሩ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፣ ችግር ተገኝቷል ወይም ችግር አልተገኘም። ሁለተኛውን ሞላሁ። እንዳልበቀለ ለዶክተሩ በቃል እነግረዋለሁ።»

ከዚያ በታች ስለዚያ ቁጥር ምንም አልተጻፈም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኃላፊው ማንኛውም ቁጥር ከሠላሳ ቀን በላይ ክፍት እንዳይቆይ ብሎ ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። ያልተዘጋ ቁጥር ስክሪኑ ላይ በቀይ ይበራል። ቅጹ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ካልተመረጠለት አይዘጋም። ምንም ያላዩ ሰዎች «አላየሁም» የሚሉበት ቦታ አልተሠራላቸውም። ስለዚህ ምንም ያልበቀለበት ብልቃጥ ምንም ችግር ያልተገኘበት ልጅ ሆኖ ወጣ። ያን ሰሞን ዶክተሩ፣ ማለትም ኃላፊው፣ ስብሰባ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ሁሉም ሲራወጥ ነበር። ነገሩ ከአእምሮዋ ወጣ። ዶክተሩም እንደ ልማዱ ክምሩን ከላይ እስከ ታች ፈረመው።

ሞግዚቷ ደብተሩን ዘጋችው። ደግማ ከፈተችው። በዘበኛው ልትቆጣ ሞከረች፤ በሹፌሩ፣ ቅጹን በሠራው ሰው፣ በፊርማው ባለቤት ላይ ሁሉ በየተራ ተቆጣች፤ ቁጣዋ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ወደ ውጭ አልወጣላትም፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ጣቷ መጣ። ያን ቦታ የተጫነው ጣት ይኸው ነው። ለሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ጣት ስንት ልጅ መግባለች።

ለእናትየዋ ሰፈር ሐኪም ደወለችለትና የልጁን ውጤት አትመን አለችው። ለምን ሲላት «አትመን አልኩህ» አለችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመልሳ ሐኪሙ ያዘዘውን ለእናትየዋ ነገረቻት፤ ልጅቷ ቀንም ሆነ ማታ ከሦስት ሰዓት በላይ ሳትበላ አትቆይ፤ ትውከት ቢይዛት ሳትዘገይ ሆስፒታል ወስዳ ግሉኮስ እንዲሰጧት ታድርግ፤ ማንም ምግብ ከልክያት ቢላት እንዳትሰማ። እናትየዋ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ጭንቅላቷን ትነቀንቅ ነበር። መጨረሻ ላይ ላሚኔቱን ተቀብላ ወደ ቦርሳዋ ስትመልሰው ሞግዚቷ ዓይኗን ከዚያ ላይ መንቀል አቃታት።

የሞግዚቷ ባል ልብስ ሰፊ ነው። ያን ምሽት ጥርሱ መሐል ስፒል ይዞ የሱሪ እግር ሲያጥፍ አገኘችው። ፊቷን አይቶ «ዛሬ ደግሞ ማንን ነክሰሽ መጣሽ?» አላት።

ዕቃዋን አስቀምጣ፣ ወንበር ስባ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። መሐል ላይ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰካቸው።

«ለእናትየዋ ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ብነግራት ነገ ከሥራ ያግዱኛል። የልጅቷን ሴል ማን ያሳድግላታል? ያ የደም ክፍሉ ቀልደኛ?» ጣቷን አየችው። «መጀመሪያ ብልቃጡ ይሙላ። ከዚያ ያባርሩኝ።»

«ያባርሩሻል ደግሞ» አላት፣ ልብሱን መልሶ እያነሣ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ቢያባርሩሽ እንኳ እኔ ጋ ቁልፍ የሚተክል ሰው ጠፍቶብኛል» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅለት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባች። ኃላፊው ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ንጹሕ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ሲናደድ ይበልጥ ትሑት ይሆናል። ቁጭ በይ አላላትም፣ ቁጭ ይበሉ ነው ያላት። አልተቀመጠችም። የልጅቷን መጠየቂያ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

ኃላፊው በትዕግሥት አስረዳት። ወንድምና እኅት ናቸው፣ ወንድሟ ተጣርቷል፣ ሌላ ሕፃን መቁረጥ ምን ይጠቅማል። እንዲያውም ጥርጣሬ ካላት የልጁ ሴሎች በረዶ ሆነው በናይትሮጅን በርሜሉ ውስጥ አሉ፤ የተመረመረ ልጅ ሁሉ ሴሉ ይቀመጥ የለ? አውጥታ አቅልጣ ደግማ ብትመረምረው በቂ ነው።

«እሺ፣ እንሂድ» አለችው።

«የት?»

«በርሜሉ ጋ። አብረን እናውጣው።»

በርሜሎቹ ያሉት ምድር ቤት ነው። ወፍራሙን ጓንት አጠለቀች፣ የፊት መከለያውን አወረደች፣ ክዳኑን አነሣች። ነጩ ጭጋግ ገንፍሎ በጎኑ ወደ ወለሉ ወረደ፤ ኃላፊው ጫማውን ሰብሰብ አደረገ። መደርደሪያውን ስባ አወጣች። ሣጥኑን ከፈተች። ሣጥኑ እንደ ዕንቁላል መያዣ በትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሏል፤ በየክፍሉ ከትንሽ ጣት የምታንስ ጠርሙስ፣ በየጠርሙሱ ላይ ቁጥር። የልጁ ተራ ጋ ሲደርሱ ክፍሉ ባዶ ነበር። ከፊቱ ያለውም ከኋላው ያለውም ልጅ በቦታው አለ። እሱ ብቻ የለም።

ጭጋጉ እየሳሳ ሲሄድ ባዶው ይበልጥ ይታይ ጀመር።

«ተሰብሮ ይሆናል» አለ ኃላፊው።

«አልነበረም። ምንም አልበቀለም። ያልበቀለ አይቀመጥም።»

«ውጤቱ ግን...»

«ውጤቱ ውሸት ነው።»

ኃላፊው ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። ይህ ከባድ ነገር መሆኑን፣ ቅጹን ማን እንደሞላው መጣራት እንዳለበት፣ ያ ሰው ማንም ይሁን ማን በሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል፣ እሷም ቃሏን መርጣ ብትናገር እንደሚሻላት በሚያምር አማርኛ ነገራት። ከፊት መከለያው በስተጀርባ ሆና ሰማችው። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ደብተሩን ከጋዋኗ ኪስ አወጣችና ገጹን ከፍታ ሰጠችው።

«እኔ ነኝ የሞላሁት። ይኸው እጄ ነው። ማጣራት አያስፈልግህም።» በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አለቃዋን አንተ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሁለቱም ሰምተውታል። «አንተ ደግሞ ሳታይ ፈርመሃል። እኔ ምርጫ አጥቼ ዋሸሁ፣ አንተ ጊዜ አጥተህ ማኅተም መታህበት። ልጁ ሞተ። አሁን እኅቱ አለች። እኔን ክሰሰኝ፤ ግን መጀመሪያ ፈርም።»

ደብተሩን አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ከበርሜሉ ክዳን ላይ አስደግፎ መጠየቂያውን ፈረመ።

የልጅቷን ቆዳ ለመኪና አላመነችውም። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ራሷ ተቀብላ፣ ቱቦውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሊፍት ሳትጠብቅ ደረጃውን ወጣች። መንገድ ላይ የደም ክፍሉ ባለሙያ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው፤ ሮጥ ብሎም በሩን ከፈተላት።

ስድስት ቀን ምንም አልታየም። በየቀኑ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ቆዳ ጠርዝ ዙሪያውን ትፈትሻለች። በሰባተኛው ቀን ከጠርዙ ላይ አንድ ቀጭን፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ነገር ወደ ባዶው ተዘርግቶ አየች። አንድ ሴል ነው። ውጭ ሰው እንዳለ ለማየት በር ገርበብ አድርጎ እንደሚወጣ ሰው ነበር አወጣጡ። በማግሥቱ አራት ሆኑ። ከዚያ መቁጠር ቀረ። ቀዩ ፈሳሽ በሁለት ቀን ቢጫ ይሆን ጀመር። «ብዪ» ትላታለች አዲሱን ስታፈስላት፣ በቁጣ። «ብዪ እንጂ።»

ብልቃጡ ሲሞላ ደግሞ የሚከብደው መጣ። የመገበችውን ማስራብ አለባት። ሴሎቹን ከስኳር ትለያቸውና ስብ ብቻ ትሰጣቸዋለች። ጤነኛ ሴል ሲቸግረው ስቡን አቃጥሎ ይኖራል። ስብ ማቃጠል የማይችል ሴል ግን መሐል ላይ ያቅተውና በከፊል የተፈጨውን ስብ ወደተኛበት ፈሳሽ ይተፋዋል። ከአራት ቀን በኋላ ፈሳሹ ይወሰድና በማሽን ይለካል። ጎን ለጎን የሦስት ጤነኛ ሰዎች ሴሎችም አብረው ተራቡ። አራቱን ቀን ሞግዚቷ የምትበላው ባሏ ሲያጎርሳት ብቻ ነበር።

የሦስቱ ጤነኞች ፈሳሽ ንጹሕ ወጣ። የልጅቷ ፈሳሽ በከፊል በተፈጨ ስብ ተሞልቶ ነበር። ትርጉሙ ያልታወቀው ለውጥ ትርጉሙ ታወቀ። ልጅቷ ተርባ ማደር አትችልም፤ ሰውነቷ የስብ ጎተራውን መክፈት አይችልም። ሳይቋረጥ ከበላች ግን፣ የታዘዘላትን ልዩ ዘይት ከወሰደች፣ ሲያማትም ግሉኮስ ሳትዘገይ ካገኘች፣ ታድጋለች።

እናትየዋ ማክሰኞ ተጠርታ መጣች። መስኮቱ ላይ አይደለም፤ ሞግዚቷ ወደ ውስጥ አስገብታ አስቀመጠቻት። ውጤቱን በቀላል ቃል ነገረቻት። ሴትዮዋ ልጅቷን በአንድ እጇ እያጠባች በሌላው ወረቀቱን ያዘች። ብዙ ጊዜ አነበበችው። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው ወረቀት ሲያይ መጀመሪያ ጠርዙን፣ ቀጥሎ ማኅተሙን፣ መጨረሻ ላይ ጽሑፉን ነው የሚያየው።

«ታዲያ የወንድሟስ?» አለች።

ሞግዚቷ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ከወር በላይ ሆኗታል። ሳትሸፋፍን ነገረቻት። ሣጥኑን፣ የተበላሸውን ቆዳ፣ ሁለቱን ምርጫዎች፣ የራሷን ጣት። ደብተሩን አሳየቻት። «ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለቻት። «የፈረመ አለ፣ ያስቀመጠ አለ፣ እነሱንም አልተውኳቸውም። የሞላሁት ግን እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ጡቱን ትስብ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ላሚኔቱን አወጣች። ለማጠፍ ሞከረች፤ ላሚኔት አይታጠፍም። ለመቅደድ ሞከረች፤ አይቀደድም።

«ይህን ስንት ቦታ እንዳሳየሁት ያውቃሉ?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ኮፒ አድርጌ ያልሰጠሁት ሐኪም የለም። በዚህ እጄ። ገና ትውከት ሲይዘው ገንፎ ልሰጠው ነበር እኮ። አያቱ ስጪው ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ሐኪሞቹን የሰማሁት። ወረቀት አለኝ ብዬ፣ አሮጊት ሴት ላይ ጮህኩባት።»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

«አውቃለሁ» አለች እናትየዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። «አውቃለሁ! ለዚህ እኮ ነው የምናደደው!»

ልጅቷ ደንግጣ ጡቱን ለቀቀች። ሁለቱም ሴቶች በአንድ ጊዜ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አሉ። ሞግዚቷ እጇን ሰበሰበች። እናትየዋ ልጇን አባብላ መልሳ አጠባቻት፣ ከዚያ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ሳትዞር ተናገረች።

«ይቅር አልልዎትም። እንዳይጠብቁ። ግን ለክትትሉ ማክሰኞ ማክሰኞ እመጣለሁ፤ እዚህ ሌላ ሰው ባገኝ አልመጣም።»

አላባረሯትም። ሊያባርሯት ፈልገው ብልቃጦቹን የሚረከብ ሰው አጡ፤ የሦስት ወር ደመወዝ ቀጥተው፣ በማኅደሯ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስገቡ። ደብዳቤውን አንብባ ፈረመችበት። ኃላፊው ምንም ደብዳቤ አልደረሰውም። ይህን ስትናገር ዛሬም ትቆጣለች። ቅጹ እስከ ዛሬ አልተቀየረም፤ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል፣ ይባላል። እሷ ግን መመራቱን አትጠብቅም። ያልበቀለ ብልቃጥ ሲያጋጥማት ስክሪኑ በቀይ ይብራ፣ ቁጥሩን አትዘጋውም። ወረቀቱን አትማ፣ በሁለቱ ምርጫዎች ላይ መስመር ትስልና በወፍራም ማርከር «አልበቀለም። እንደገና ላኩልኝ» ብላ ትጽፍበታለች። ሁለት ጊዜ ተገሥጻለች። ማርከሩ እስከ አሁን ኪሷ ውስጥ ነው። አርብ አርብ ደግሞ ሥራ ሲያልቅ ወንበር ይዛ በሩ ላይ ከዘበኛው ጎን ትቀመጣለች፤ ሁለቱ ሳይነጋገሩ መኪናውን ይጠብቃሉ። ዘበኛው ምድጃውን ወደ ሌላ ጥግ አዙሮታል።

ልጅቷ አሁን ትሄዳለች። ማክሰኞ ስትመጣ በእጇ ብስኩት አይጠፋም፣ የመስኮቱን መስታወት ፍርፋሪ በፍርፋሪ ታደርገዋለች። ሞግዚቷ ትቆጣለች፣ ራሷው ትጠርገዋለች። እናትየዋ «እንደምን አደሩ» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትልም።

ሞግዚቷ ይህ ሁሉ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ጣቷም ይጻፍ አለች፣ ደብተሩም፣ ደብዳቤውም፣ አንተ ማለቷም፤ የኃላፊውን ደግሞ አንድም ቃል ሳይለሰልስ። አንድ ነገር ብቻ ይቅር ብላ ለመነች፤ ሰው እንዲያዝንላት የፈለገች እንዳይመስልባት።

እናትየዋ መስኮቱ ላይ እስከቆመችበት ማክሰኞ ድረስ ማሞቂያውን የምታንኳኳው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።